ሞተሩን ወደ ኋላ የወሰደው ሽሬ

ሽሬን የማያውቀው ሰው ክፉ ይለዋል። ጋራዡ እዚህ ድሬ፣ ከከዚራ ሰፈር ወጣ ብሎ የባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነበር። መኪናህን ይዘህ ገና ከበሩ ስትደርስ «ይሄን መኪና እንዲህ የገደለው ማነው?» ብሎ ይጮህብሃል። ሰላምታው ያ ነው። እኔ የሺአረግ፣ የሾፌሩ የዘገዬ ሚስት፣ ግን የዚያን ሰው አንጀት አይቼዋለሁ። ስለዚህ ስለ ሽሬ ማንም አይንገረኝ፤ እኔ ልናገር።

ባሌ ዘገዬ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረው። ሞተሩ ጋቢናው ውስጥ ነው፤ በእሱና በእኔ መቀመጫ መሀል ክዳን ደፍቶ ተጎልቷል። አብሬው ሐረር ስሄድ መነጋገር የሚባል ነገር የለም፤ መጯጯህ ነው። ሙቀቱንማ ተዉት! የድሬ ፀሐይ ከላይ፣ ሞተሩ ከጎን።

ዘገዬ ስኳር አለበት። ስኳሩ ቀስ በቀስ የእግሩን ስሜት ወሰደበት። አንድ ቀን ከአወዳይ ያመጣውን አትክልት አራግፎ ቤት ሲመለስ ጫማውን ሳወልቅለት፣ ቀኝ እግሩ በሞተሩ ግለት ተልጦ፣ ውሃ ቋጥሮ አገኘሁት። እሱ እቴ! ምንም አልተሰማውም። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሱ «ምን ሆንሽ? ሻይ የለም እንዴ?» ይለኛል። ቁስሉ ለመዳን ወራት ፈጀ። ሐኪሙም አልደበቀንም፤ ይህ እግር ሁለተኛ ከተቃጠለ ይቆረጣል አለን።

«መኪናውን ለሌላ ሾፌር ስጠው» አልኩት።

«አንቺንስ ለሌላ ልስጥሽ?» አለኝ።

ቀልዶ ሞቷል! ሲስቅ ዓይኑ አልሳቀም። ከጉርምስናው ጀምሮ መሪ የያዘ ሰው ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ማየት አንጀት ይበላል። እንዳይነዳ ብከለክለው በቁሙ ይሞትብኛል፣ ብተወው እግሩ ይሄዳል። ምን ላድርግ?

ሽሬ ሊጠይቀው መጣ። የጓደኛውን እግር አገላብጦ አየ። ከዚያ «አቦ! እግሩን ከሞተሩ ማራቅ ካልቻልን ሞተሩን ከእግሩ እናርቃለን» አለ።

«የት ልትወስደው?» አልኩት።

«ከጋቢናው ጀርባ፣ መኪናው መሀል ላይ።»

ያበደ መሰለኝ። ጊዜው የደርግ ነው፤ የምሥራቁ ጦርነት ገና ማለፉ ነው፣ መለዋወጫ በሕልምም አይገኝ። ሽሬ ግን ከወዳደቀ ብረት ለቃቅሞ፣ የመኪናውን አጽም፣ ሻንሲውን፣ አጠናክሮ፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ አሳጥሮ ሞተሩን መሀል ላይ አስቀመጠው። ሰፈሩ በሙሉ እየመጣ ሳቀበት። ቀበሌው ሳይቀር «ታንክ ነው የምትሠሩት?» ብሎ ሰው ልኮ አስጠይቋል።

ሥራው አለቀና ሁለቱ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ሊወጡ ሄዱ። ዳገቱን ገና አጋምሰው አንዱ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ራዲያተሩ ፈላ። ሞተሩ ፊት ለፊት ሲሆን ነፋሱ በራሱ ጊዜ ይመታዋል፤ ጋቢና ጀርባ ሲደበቅ ግን አየር ከየት ያግኝ? ሽሬ በሮቹ አጠገብ፣ ግራና ቀኝ፣ ነፋስ የሚቀልቡ አፎች በየደ። ፈላ። አፎቹን አሰፋ፣ ማራገቢያውን በትልቅ ቀየረ። አሁንም እዚያው መታጠፊያ ላይ ፈላ! ሽሬን ምግብ አስጠላው። በመጨረሻ ዘገዬ «በቃ ሽሬ፣ ለፋህ። ወደ ቦታው መልሰው። እግሬን እየተጠነቀቅኩ እነዳለሁ» አለ። የማይሰማውን እግር በምን ይጠነቀቀዋል? ያን ቀን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ሁለቱም ቤታችን ቁጭ ብለዋል። ጓሯችን ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ስለሚያይ የጓሮው በር ሁልጊዜ ዝግ ነው። የመንገዱ መስኮት ተከፍቷል፤ ግን መጋረጃው ንቅንቅ አይልም፣ ላብ በላብ ሆነናል።

«መስኮቱ ተከፍቶም አየር የለም» አለ ዘገዬ።

እኔ ደግሞ ብስጭት ብሎኛል። «አየሩ ገብቶ በየት ይውጣ? የሞላ ቤት ሌላ እንግዳ ይቀበላል? አሸዋ አሸዋ እያላችሁ ልትገድሉን ነው!» ብዬ የጓሮውን በር በረገድኩት። መጋረጃው ተነሳና የሽሬን ፊት መታው።

ሽሬ መጋረጃውን በእጁ ይዞ ፈዞ ቀረ። «ዘግቼዋለሁ» አለ። «ወላሂ፣ ከኋላ ዘግቼዋለሁ!» ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ሮጠ።

ለካ ጎማው የሚያነሳው አሸዋ ሞተሩን እንዳይበላው ብሎ፣ የሞተሩን ቤት ከኋላ በላሜራ ድፍን አድርጎታል። አየሩ በአፎቹ ይገባል፣ ይግላል፣ መውጫ ያጣል። የደጋ መካኒክ ይህን አይሳሳትም ነበር፤ አሸዋን ከእሳት በላይ የምንፈራ እኛ ነን። ላሜራውን ቆርጦ፣ ትኩሱ አየር ከጭነቱ በላይ የሚወጣበት ሰፊ መውጫ በየደለት፣ አፉንም በወንፊት ሽቦ ሸፈነው።

እንደገና ወደ ደንገጎ ስንሄድ እኔም «አልቀርም» ብዬ ገባሁ። ሽሬ ግን ጋቢና አልገባም። «አየሩ መውጣቱን ማን ያያል?» ብሎ ከኋላ፣ መውጫው ፊት ለፊት ተቀመጠ። ዳገቱን ጀመርነው። እኔ የሙቀት መለኪያውን ቀስት ብቻ ነው የማየው። ያ የተረገመ መታጠፊያ መጣ። «እመቤቴ!» አልኩ። ቀስቱ መሀል ላይ ቆሞ አለፍነው።

«የሺ» አለኝ ዘገዬ፤ ሳይጮህ። በዚያ ጋቢና ውስጥ ሳይጮህ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው።

አናቱ ላይ ስንቆም ሽሬ ከኋላ ወረደ። ፊቱ ቀልቷል፣ ሸሚዙ ቢጨመቅ ባልዲ ይሞላል፤ ይስቃል። «ወጣ! አቦ፣ ሙቀቱ ሁሉ እኔ ላይ ወጣ!»

ዘገዬ ቀኝ ጫማውን አውልቆ እግሩን በበሩ በኩል አወጣ። «እኔ አይሰማኝም ሽሬ፤ አንተ ንካልኝ» አለው።

ሽሬ እጁን ዘርግቶ መለሰው። መዳፉ መውጫው ላይ ሲደገፍ ውሎ ተለብልቧል። «እጄ ግሏል፣ አይለይም» አለና መሬት ላይ ተንበርክኮ ጉንጩን የዘገዬ እግር ላይ ለጠፈ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ቀዝቃዛ ነው» አለ። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። እኔማ ቀድሜያቸው ነበር።

መኪናው ለዓመታት ደንገጎን ወጣ ወረደ፤ ያ እግርም ሁለተኛ አልተቃጠለም። ሽሬ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ታሞ ሞተ። ጀናዛው በቃሬዛ ሲወጣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እየተቀባበለ ተሸከመው። ዘገዬ ግን ሰው ሊቀበለው ሲመጣ «ተወኝ፣ እችላለሁ» እያለ አስቸገረ፤ እስከ መቃብሩ ድረስ ለማንም አልለቀቀም። እኔ ከሴቶቹ ጋር በር ላይ ቆሜ፣ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ የዘገዬን ሁለት እግሮች ብቻ ነበር የማየው።