አበልጄ ነው ያለችው ሴት

ኦቲሊያ ዝም በይ ቢሏት የማትችል ሴት ነበረች። ላ ኦርኬታ በምትባለው ከተማችን የሎሚ ማሸጊያ ቤት እሷና እኔ ጎን ለጎን ቆመን ነው ያረጀነው። ሎሚው እየተንከባለለ ከፊታችን ያልፋል። አረንጓዴው ለውጭ አገር፣ ቢጫው ለጭማቂ፣ የተበሳሳው ለከብት ይለያል። እጃችን ይሠራል፣ አፋችንም አይቦዝንም። አለቃችን የሞላችውን ሳጥን አሳንሶ ሲቆጥርባት "ጌታዬ፣ ቁጥር ያስተማረችህ ሚስትህ ናት እንዴ? እሷም ዕድሜዋን እንዲህ ነው የምትቆጥረው" ትለውና ቤቱን ሁሉ በሳቅ ትገለብጠዋለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሰሜን ሄደና በዚያው ቀረ። ልጆቿን ኤላዲዮንና ማይራን ያሳደገቻቸው የሎሚ ውሃ በላጣቸው ጣቶቿ ነው። ኤላዲዮን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ቻዮ የሚለውን ስሜን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም፤ "አበልጄ" ነው የምትለኝ።

ስለ እሷ ሳወራ ድምፄ የሚንቀጠቀጠው ከእርጅና እንዳይመስላችሁ። ከንዴት ነው።

ነገሩ የጀመረው ማይራ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ነው። የልጃገረድ ድግስ ለአንድ እናት ጫንቃ ይከብዳልና ለሁሉም ነገር አበልጅ ይፈለግለታል፤ ለቀሚሱ አንድ፣ ለኬኩ አንድ፣ ለዘውዱ አንድ። አንዱን የቻለ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የእናቲቱ አበልጅ ነው። ጫማውን እኔ ያዝኩ። ሙዚቃውን የሚይዝ ግን ጠፋ፤ መለከትና ከበሮ ያለው ባንድ ለድኻ የሚቀመስ አይደለም። የዚያን ጊዜ ዶን ኖርቤርቶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሯ ላይ ቆመ።

ኖርቤርቶን የማያውቅ አልነበረም። ተራራው ላይ ላለው የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች አለቃ ከየሎሚው ሳጥን ግብር የሚሰበስብ ሰው ነው።

"ዶኛ ኦቲሊያ፣ ለልጅቷ ሙዚቃ ጠፋ ሲሉ ሰማሁ" አለ።

"ሰው ምን የማያወራው አለ፣ ዶን ኖርቤርቶ።"

"ሙዚቃው የኔ ነው። አበልጅ አድርጊኝ።"

እሱ እንደሄደ ወደ እኔ ዞረች። "ምን ይሻላል አበልጄ?"

"እምቢ በይዋ!"

"ጥሩ። እንግዲያው አንቺ ሂጂና እምቢ በይልኝ።"

አልሄድኩም። እንዲህ ያለውን ሰው እምቢ ብሎ በማግሥቱ ሎሚ የለቀመ የለም። ደግሞም አበልጅ ልሁን ብሎ በር ላይ የቆመን ሰው መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

ባንዱ መጣ። ኖርቤርቶ ከማይራ ጋር ሲደንስ አለቀሰ፤ ልጅ አልነበረውም። ፎቶ ሲነሡም ኤላዲዮን አንገቱን አቅፎ ሳበውና የራሱን ባርኔጣ ጭንቅላቱ ላይ ደፋበት። ያ ፎቶ በኦቲሊያ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን ጉዋዳሉፔ ሥዕል አጠገብ ተሰቀለ። ኤላዲዮ ከጆሮ እስከ ጆሮ ይስቃል፤ ባርኔጣው ዓይኑን ሊሸፍነው ደርሷል።

ከዚያ መንግሥት በዕፅ ነጋዴዎች ላይ ጦርነት አወጀ።

ጦርነት! ያን ሁሉ ዓመት የት ነበር? የበቆሎ ዋጋ ሞቶ ልጆቻችን ተራራ ላይ የኦፒየም አበባ እየበጡ ወተቱን ሊያደሙ ሲወጡ የት ነበር? ከንቲባው በአለቃው ገበታ የፍየል ጥብስ ሲበላ፣ የፖሊስ አዛዡ ለልጁ ሠርግ ፈረስ ከአለቃው ሲቀበል አላየም? ዕፁን እንደ ውሃ የሚጠጣው ከድንበሩ ማዶ ያለው ሰው ነው፤ ጠመንጃው የሚመጣውም ከዚያው ነው። ጦርነቱ ግን ማዶ አልሄደም፤ እኛ ሰፈር መጣ። ሄሊኮፕተር መጣ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ወታደሮች መጡ፣ አለቃውን ተራራው ላይ ገደሉትና በቴሌቪዥን ተጨበጨበ። እኛ አንድ ሌባ ነበረን፤ መንግሥት ሊያድነን መጥቶ አራት አደረጋቸው። የአለቃው አሽከሮች ተከፋፍለው በየመንገዱ ተታኮሱ፤ አራቱም ግብር ጠየቁ። ሎሚው የሚለቅመው አጥቶ ከዛፉ ሥር በሰበሰ። ሰው በሌሊት ልብሱን ጠቅልሎ እየወጣ ከማሸጊያው ጠረጴዛ ዳር ግማሹ ቦታ ባዶ ሆነ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወታደሮች ማሸጊያ ቤቱ ገቡ። አንድ መቶ አለቃ የኖርቤርቶን ፎቶ ይዞ በፊታችን እየዞረ ጠየቀ።

"ይህን ሰው የምታውቅ አለች?"

ሁላችንም ሎሚ ላይ አፈጠጥን። ለወታደር ሰውን አናውቅም ማለት ኃጢአት አይመስለኝም ነበር፤ ደግሞም ሁሉም እንደማንናገር ያውቃል። ኦቲሊያ ግን እጇን በሽርጧ ጠረገችና ቀና አለች።

"አበልጄ ነው።"

መቶ አለቃው መልሶ "ምንሽ ነው አልሽ?" አላት።

"የልጄን ሙዚቃ የያዘ አበልጄ ነው። ክፉ ሰው ነው አይደለም ብለህ ብትጠይቀኝ ሌላ መልስ ነበረኝ፣ የኔ ልጅ። አንተ ግን ታውቂዋለሽ ወይ ነው ያልከኝ።"

ሲወጡ ክንዷን ይዤ አራገፍኳት። "አብደሻል? አላውቀውም አትይም?"

"አበልጁን የካደ በሚሞትበት ቀን ምላሱ ይታሠራል ብላ ያሳደገችኝ እናቴ ናት። ያንቺም እናት እንዲያው ነው የምትለው። ሌባ ቢሆንስ? እኔ ነኝ እንዴ የሠረቅሁት?"

እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው የእኛ ሰው ብቻ ነው። የከተማ ሰው ቢሆን ሳይጠየቅ ይክዳል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ቤቷን በርብረው ፎቶውን ከግድግዳው አወረዱት። ኤላዲዮን ሎሚ ከሚለቅምበት ዛፍ ሥር አገኙት፤ ለእሾሁ እስከ ክርኑ የሚደርስ የቆዳ ጓንት አጥልቆ ነበር። በማግሥቱ ቴሌቪዥን ላይ አየነው። ከፊቱ ጠረጴዛ ሙሉ ጠመንጃ ተደርድሯል፤ ፊቱ አብጧል፤ ጓንቱ አሁንም እጁ ላይ ነው። የመንግሥት ቃል አቀባይ "የኖርቤርቶ ቀኝ እጅ፣ በቅጽል ስሙ ጓንቲው" አለ። ጓንቲው! በሕይወቱ ቅጽል ስም ወጥቶለት የማያውቅ ልጅ ነበር። ጠመንጃ ቀርቶ የበግ ቢላዋ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ልጅ ነው። ኖርቤርቶን ፈልገው አጡ፤ የሚያሳዩት ሰው ሲያስፈልጋቸው ይህን አሳዩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው።

ኦቲሊያ በየወሩ አውቶቡስ ተሳፍራ እስር ቤቱ ድረስ ሞሪስኬታ ታመላልስ ጀመር፤ ሩዙን ባንድ ዕቃ፣ አደንጓሬውንና ሥጋውን በሌላ ይዛ። ጠባቂዎቹ ሥጋውን ለቅመው ሩዙን ያስገቡለታል። አንድ ጊዜ አብሬያት ሄጄ መንግሥት ያቆመለትን ጠበቃ አገኘነው። ማስቲካ ያኝካል።

"ልጅሽ የሚፈታበት መንገድ አንድ ነው" አላት። "ኖርቤርቶ ራሱ ልጅሽን አላውቀውም ካለ፣ ክሱ የቆመበት እግር የለውም።"

"ታዲያ ኖርቤርቶን ጠይቁታ!"

"የት አግኝተነው?"

"እኔ ነኝ የማውቀው?"

"ዶኛ፣ እሱ ያለበትን ብናውቅማ ልጅሽን ምን እናደርገው ነበር?"

ይህን የተናገረው ሳያፍር ነው። ከዚያ ወዲያ ኦቲሊያ በማሸጊያው ዝም አለች። አለቃችን ሳጥን ሲያጎድልባት እንኳ አንገቷን ደፍታ ትለያለች። ሳቋ ከቤቱ ሲጠፋ የማሽኑ ጩኸት ምን ያህል እንደሚያደነቁር ያን ጊዜ አወቅሁ።

ዓመታት አለፉ። አራቱም ወገን ሲያራቁቱን ጊዜ ገበሬዎቹ መሣሪያ አንሥተው ኬላ አቆሙ። መንግሥት ደነገጠና ዘዴ አመጣ፤ ከሕዝቡ ጋር ለሰላም የቆመ ሁሉ ይታረቅ፣ የደንብ ልብስም ይሰጠው አለ። የደንብ ልብሱን ለመቀበል ማን ቀድሞ ከተራራው ወረደ መሰላችሁ? ዶን ኖርቤርቶ! ሆዱ ገፍቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ የወረዳው የገጠር ፖሊስ አዛዥ ሆኖ መጣ። ከጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ምን ብለው ቢመቱት ድምፁ እንብላው እንብላው ነው። እሱን በማወቅ የታሠረው ልጅ ደግሞ አሁንም እስር ቤት ነው።

በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ሥነ ሥርዓት ተደረገ። ድንኳን ተተከለ፤ ከዋና ከተማ የመጣ ሹም፣ አንድ ጄኔራልና ካሜራ የያዙ ጋዜጠኞች ተሰበሰቡ። ኖርቤርቶ ከጄኔራሉ አጠገብ ተቀምጧል። ኦቲሊያ ሽርጧን ሳታወልቅ ከሥራ መጥታ ሕዝቡን እየገፋች ወደ ፊት ሄደች። እግሩ ላይ ልትወድቅ ነው ብዬ ተከተልኳት።

ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ እንደ ድሮው ቤቱን በሚሞላው ድምጿ ጮኸች።

"አበልጄ! አበልጄ ኖርቤርቶ! ሰላም ነህ?"

ካሜራዎቹ ሁሉ ዞሩ። ጄኔራሉ ኖርቤርቶን አየው፤ ኖርቤርቶ እንደ በርበሬ ቀላ።

"ማናት ይህች ሴትዮ?" አለ ሹሙ።

"ረሳኸኝ እንዴ? የማይራን ሙዚቃ የያዝከው! ከልጄ ጋር ፎቶ የተነሣኸው! መንግሥት ጋ ያለው ፎቶ እኮ ነው፣ ጌቶቼ፤ መዝገብ ውስጥ ፈልጉት!"

"እኔ ይህችን ሴትዮ አላውቃትም" አለ ኖርቤርቶ።

"ኤላዲዮንስ?"

"አላውቅም!"

"ልጄን ባርኔጣህን ያለበስከውን? ለአንተ ሠርቶ አያውቅም?"

"ኤላዲዮ የሚባል ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም አልኩሽ! ውሰዷት!"

ሁለት ወታደሮች ብብቷን ይዘው አነሧት። እሷ ግን ተንጠልጥላ ወደ ጋዜጠኞቹ አንገቷን አዞረች።

"ሰማችሁ አይደል? ቀድታችኋል? በጄኔራሉ ፊት ነው ያለው! አያውቀንም ብሏል!"

ለካ ይህን ነበር የፈለገችው። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ የድኻ አበልጅ መሆን እንደማይችል ከእኔ ቀድማ ገብቷታል። ጠበቃው ቅጂውን ለዳኛው ሲያቀርብ ማስቲካውን ተፍቶ እንደነበር ሰምቻለሁ። እሷ ግን የዚያን ቀን ወታደሮቹ ከአደባባዩ ዳር ሲለቋት ቀጥታ ወደ ቄሱ ሄደች።

"ልጅሽን አዳንሽ እኮ፣ ምን ያስለቅስሻል?" አልኳት።

"ሰው አበልጁን እንዲክድ አደረግሁ" አለችኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም ደስ ይለኛል፤ ምላሱ ይታሠርለት።

ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ሌላ የሎሚ ወቅት አለፈና ኤላዲዮ ወጣ። ይቅርታ የጠየቀው የለም። ጓንቲው አይደለም ብሎ በቴሌቪዥን የተናገረም የለም። ቀኝ ጆሮው አይሰማም፤ በመጀመሪያው ቀን በምን እንደመቱት አይናገርም። በር ሲንኳኳ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ወደ ግድግዳ ይዞራል። እናቱ ሞሪስኬታውን ከነሥጋው ስታቀርብለት ሥጋውን ለቅሞ ወደ ጎን ያደርገዋል፤ የጠባቂዎቹ ድርሻ ይመስለዋል።

ባለፈው ወር ጆሮውን ሐኪም እንዲያየው ወደ ከተማ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ እናቱ ከሥራ የሚለቃት አጥታ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ትኩስ ቶርቲያ፣ የበቆሎ ቂጣችንን፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ከድልድዩ ማዶ ወታደሮችና የኖርቤርቶ ሰማያዊ ለባሾች አንድ ላይ የሚጠብቁት ኬላ አለ። አንድ ወታደር አንገቱን አስገብቶ ኤላዲዮን አየ።

"ከማን ጋር ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ይህችን ሴትዮስ ታውቃታለህ?"

ኤላዲዮ አላየኝም። ዓይኑን ጉልበቱ ላይ ተክሎ "አላውቃትም" አለ።

በዚህ ክንዴ ታቅፌ ክርስትና ያነሣሁት ልጅ ነው። ውሃው ሲነካው ጣቴን ጨብጦ አልለቅ ያለ ልጅ ነው። ወታደሩ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺስ፣ እናት?"

"እኔም አላውቀውም" አልኩ።

አለፍን። ርቦት ነበር፤ ከተማ እስክንገባ ግን ቶርቲያውን አልሰጠሁትም። ባዕድ ለባዕድ ምሳ አያጎርስም። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ መንግሥትን፣ ኖርቤርቶን፣ ማዶ ያሉትን ሁሉ ስረግማቸው ሄድኩ።

በማግሥቱ ማሸጊያው ጋ ለኦቲሊያ ነገርኳት። እንድታለቅስ፣ ወይ ልጇን እንድትቆጣልኝ የጠበቅሁ ይመስለኛል። እሷ ግን እጇን ከሎሚው ላይ አላነሣችም።

"ደግ አደረገ" አለችና ቢጫውን ወደ ቢጫው ወረወረች።