የእናቴ እፍኝ ስንት ነው

የፊዚክስ መምህራችን ከቤታችን አንድ ነገር መርጠን ዴንሲቲውን፣ ማለትም ክብደቱ ለይዘቱ ሲካፈል የሚወጣውን፣ እንድንፈልግ ሲያዙን፣ ሌሎቹ ድንጋይና ሳሙና አሉ። እኔ ምስር ክክ አልኩ።

እናቴ እህል በረንዳ ምስር ክክ ትሸጥ ነበር። ሚዛን አትወድም። ጣሳውን ትሞላና አፉን በመዳፏ ጠርጋ ፌስታል ውስጥ ትገለብጠዋለች፤ ከዚያ አንድ እፍኝ ምርቃት። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ሱቁን አክስቴ በሚዛን ትሠራበታለች። እናቴ ከሰፈረችው የቀረው አንድ ፌስታል ነው፤ አገር ቤት ለሄዱ ደንበኛዋ ያስቀመጠችው። ቋጠሮው የእሷ ነው። እንዲቀርልኝ አክስቴን ለመንኳት።

"አደራ ነው" አለችኝ አክስቴ። "ሲመጡ ይሰጣቸዋል።"

እንግዲያው ሳይመጡ መለካት ነበረብኝ። ጣሳው ልክ አንድ ሊትር ውሃ ያዘ፤ ሺህ ሴንቲሜትር ኪዩብ ማለት ነው። አድርቄ ምስር ሞላሁበትና እንደ እሷ ጠረግኩት። ጣሳው ሲቀነስ ስምንት መቶ ግራም። ዴንሲቲው ዜሮ ነጥብ ስምንት ወጣ። የእናቴ ፌስታል ግን ስምንት መቶ ሰማንያ ግራም መዘነ። ሰማንያዋ ምርቃቷ ናት።

ሚዛኑ የሚያሳየው በኪሎ ነው። የእፍኟን ይዘት ለማግኘት ምርቃቷን ወደ ግራም ሳልቀይር ለዴንሲቲው አካፈልኩና ዜሮ ነጥብ አንድ ሴንቲሜትር ኪዩብ አገኘሁ።

"ስንት ይሆናል እሱ?" አለች አክስቴ።

"ሦስት አራት ፍሬ ምስር።"

"እህቴ? ለወፍም እንዲህ አትሰፍር።" ከለቅሶው ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ቀይሬ ሠራሁት። መቶ ሴንቲሜትር ኪዩብ፤ የሻይ ብርጭቆ ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው። በጣም ደስ አለኝ፣ እናቴን መንገድ ላይ ያገኘኋት ያህል። ከዚያ የራሴን እፍኝ መዘንኩ። ሰባ ግራም ብቻ ሆነ። ሚዛኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ደንበኛዋ ሴትዮ ከአገር ቤት መጡ። ፌስታሉን ሰጠኋቸው።

"ምርቃቱስ የኔ ልጅ? እናትሽ እኮ በምርቃት ላይ ነው የምትመርቀኝ። የት ሄዳ ነው?"

አክስቴ አቀረቀረች። ሴትዮዋ የእሷን ጥቁር ነጠላ አዩ፣ የኔን ጥቁር ሹራብ አዩ።

"መቼ?"

"ክረምት ላይ፣ እትዬ" አልኳቸው።

ጆንያው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ቋጠሮውን መፍታት ጀመርኩ። ጠብቋል፤ በጥርሴ ያዝኩት።

"ተይው ልጄ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው ያልኩት።"

"እመርቅልዎታለሁ።"

እጄን የቻልኩትን ያህል ከፍቼ ከሱቁ ምስር ዘገንኩ። ምስሬ እንደገባ ከእናቴ ምስር ጋር ተደባለቀ፤ ብፈልግም የቱ የእሷ እንደሆነ አላውቅም። መልሼ ቋጠርኩት። እንደ እሷ አልጠበቀልኝም።

"ከታች ደግፈው ይያዙት" አልኳቸው።