አጎቴ የጠረጠሩት ቤንዚን

አጎቴን ባለፈው ሳምንት ቁስቋም ቀበርናቸው። ጠርጣራ ሰው ነበሩ።

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ከጎንደር ማክሰኝት ሰው የሚያመላልሱባት አሮጌ ጂፓቸው ዳገት ላይ ድንገት ትጠፋለች፤ ትንሽ ካረፈች መልሳ ትነሣለች። ሞተሩን ቢፈትሹ ደህና ነው። "የነካት ሰው አለ" ይሉ ነበር። ቤንዚኑን በጠርሙስ ቀድተው ፀሐይ ላይ ሳያዩ አይሞሉም። በመጨረሻ ቤንዚን የሚሸጡላቸውን አብሮ አደጋቸውን "ውሃ ይቀላቅላል" ብለው ጠረጠሩ፤ ዐቢይ ጾምን ሙሉ ሰላምታ ነፈጓቸው።

አንድ ቀን ምጥ የያዛት ሴት ጭነው ወደ ጎንደር ሲመጡ ማኪናዋ ዳገቱ ላይ ጠፋች። አጎቴ ከቤንዚኑ ጋን የሚወርደውን ቱቦ ፈትተው ወደ ጋኑ በአፋቸው ነፉ፤ ቤንዚኑ ወረደ፣ ማኪናዋም ተነሣች። ሴትዮዋ ሐኪም ቤት ደርሳ በሰላም ተገላገለች። አጎቴ ግን ነገሩ አላስቻላቸውም፤ ጋኑን ቢገለብጡት እራፊ ጨርቅ ወጣ። የጋኑ ክዳን ጠፍቶ ሳለ ራሳቸው ወትፈውት ወደ ውስጥ የገባ ነበር። ቱቦውን እየደፈነ የሚለቀው እሱ ኖሯል።

በዚያው ወደ ጓደኛቸው ቤት ሄዱ።

"ጠርጥሬህ ነበር፤ ይቅር በለኝ።"

"እኔስ ምነው ዘጋኝ ብዬ፣ ሰው አጣልቶን መስሎኝ ስንቱን ስጠረጥር ከረምኩ!" አሉ ጓደኛቸው።

ከቀብር ስንመለስ እኒያ ቤንዚን ሻጭ ጓደኛቸው ግቢያችን ወደቆመችው ጂፕ ወጥተው ከባዶው የሾፌር ወንበር ጎን ተቀመጡ። እንዲወርዱ ለመንናቸው።

"ተዉኝ" አሉ፤ "ከእሱ ጋር ትንሽ ልቀመጥ።"