ባዶ የተተወው ገጽ

የማተሚያ ቤት ዲዛይነሯ የትነበርሽ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሯን ከፍታ መጀመሪያ የምትሠራው ወርቅ የሚሆነውን ሁሉ ጥቁር ማድረግ ነው። ፎይል የሚባለው ወርቃማ ስስ ቅጠል የሚያርፍበት ቦታ በፋይሉ ላይ ድፍን ጥቁር ሆኖ ለብቻው መቀመጥ አለበት፤ ግራጫ የለ፣ ጥላ የለ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር የለ። ከዚያ በኋላ ክሊሼ የሚባለው የብረት ማኅተም አዲስ አበባ ተቀርጾ ይመጣል። ክሊሼው ማሽኑ ላይ ሲግል ፎይሉን ከወረቀቱ ያጣብቃል፤ ኢምቦስ የሚባለው የማሳበጥ ሥራ ከታዘዘም በዚያው ምት ወረቀቱን ያሳብጠዋል። በፊቱ ያበጠ ወረቀት በጀርባው ይጎደጉዳል። ይህን በቤቱ ከየትነበርሽ በላይ የሚያውቅ የለም። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለው ማተሚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ አዲስ ገቢዎችንም የምታስተምረው እሷ ናት።

ስለዚህ ፊልጶስ የተባለ የላቦራቶሪ ባለሙያ ለአባቱ ተዝካር የጥሪ ካርድ ሲያዝ፣ ሽፋኑ ላይ ያበጠ የወርቅ መስቀል አደረገችና ከመስቀሉ ጀርባ የሚውለውን የውስጥ ገጽ ባዶ ተወችው። ፊልጶስ አይቶ ወደደው። ክሊሼው መጣ። ሊታተም አንድ ቀን ሲቀረው ግን ደወለ።

«እህቴ፣ የአባቴ ፎቶ ይግባልኝ። ተማሪዎቻቸው መልካቸውን ይዩ።»

አባቱ መሪጌታ ወልደኢየሱስ አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ፎቶው በቴሌግራም ደረሰ፤ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ፈገግ እንደ ማለት ብለዋል። የትነበርሽ ባዶውን ገጽ አየችና ፎቶውን እዚያ አኖረችው። ለምን ባዶ እንደተወችው አልታወሳትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በተራ ወረቀት አትማ፣ አጥፋ፣ መስኮቱ ላይ ለጥፋ ፊትና ጀርባውን በብርሃን ታየው ነበር። ያን ቀን አላየችውም።

ማክሰኞ ጠዋት ፊልጶስ ካርዱን ሊወስድ መጣ። ጥቅሉን ፈታ፣ አንዱን አነሣና መስቀሉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ደስ አለው። ከዚያ ገለጠው። ሁለተኛውን ገለጠ፤ ሦስተኛውን።

«ምነው?» አለ በመጨረሻ። «ምነው የአባቴን ፊት እንዲህ አደረጋችሁት?»

የመስቀሉ ክንዶች የመሪጌታን ሁለት ዓይኖች አጎድጉደዋል፤ እግሩ አፋቸው ላይ ወርዷል። ሦስት መቶውም ካርድ እንደዚያው ነበር።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ እቴነሽ ካርዱን ተቀብለው አዩና ወደ ማሽን ክፍሉ ተጣሩ።

«አያ ዳኛው! እስቲ ይምጡ። ይኼን አይተው ነው ያተሙት ወይስ ዳብሰው?»

ፎይል ማሽኑን ሃያ ዓመት የያዙት አያ ዳኛው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። ካርዱን አራቁት፤ አቀረቡት።

«ምቱን አጠንክሬው ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው።

«መነጽር ይግዙ ስልዎ ‹ዓይኔ ሸጋ ነው› ይሉኛል! ከሰኞ ጀምሮ ማሽኑን ሌላ ሰው ይይዘዋል። እርስዎ ወረቀት ይቁጠሩ።»

የትነበርሽ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ካርዱ ሲገለጥ ጥፋቱ የራሷ መሆኑ ያኔውኑ ገብቷታል። ልትናገር አፏን ስትከፍት ፊልጶስ ዘወር ብሎ አያት።

«አንቺስ ምን ታደርጊ» አላት፤ «ፎቶውን አሳምረሽው ነበር።»

አፏን ዘጋች።

ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ፎቶውን ወደ ቀኙ ገጽ አዛወረችው፤ አራት ደቂቃ ፈጀባት። ቀጥሎ እጇ የቀድሞውን ፋይል ወደ ማጥፋት ሄደ። አላጠፋችውም። እጇ መሄዱን ግን ራሷ አይታለች።

ከሰዓት በኋላ አያ ዳኛው መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«ምሳ አልበላችም አሉኝ። ለእኔ ብለሽ ነው? አይዞሽ የኔ ልጅ። ወረቀት መቁጠርም ሥራ ነው፤ እንዲያውም ቁጭ ተብሎ ነው» ብለው ሳቁላት።

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ «እሺ» ብቻ አለች።

በማግሥቱ ስትገባ አያ ዳኛው ቀድመዋታል። ከኅትመቱ የተረፉትን ያልተመቱ ካርዶች አንድ በአንድ ማሽኑ ላይ እያስገቡ ይሞክራሉ።

«ላላ ሳደርገው መስቀሉ አይነሣም፣ ወርቁም ይላጣል። ጠበቅ ሳደርገው ጀርባው ይጎደጉዳል» አሉ፤ የሚያወሩት ከማሽኑ ጋር ይመስል ነበር። «ሃያ ዓመት ታዲያ እንዴት ነበር የማደርገው?»

«አያ ዳኛው፣ እጅዎ አይደለም» አለች የትነበርሽ። «ፎቶውን ከመስቀሉ ጀርባ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ምንም ቢያደርጉ ይጎደጉዳል።»

«ትናንት ታውቂው ነበር?»

«አዎ።»

«እዚያው ቆመሽ?»

«እዚያው ቆሜ።»

ማሽኑን አጠፉት። ጨርቁን አጣጥፈው ጫፉ ላይ አስቀመጡ።

«እኔ ለእቴነሽ ብነግራት ጥፋቴን በሰው የማላክክ ይመስላታል» አሉ። «ራስሽ ንገሪያት። የመሪጌታ ልጅም ባለበት።» የኔ ልጅ አላሏትም።

ፊልጶስ ተጠርቶ እኩለ ቀን ላይ መጣ። የትነበርሽ ትናንት የቆመችበት ቦታ ቆማ ነገረቻቸው፤ ባዶውን ገጽ፣ ፎቶውን፣ ዝምታዋን። አያ ዳኛው ማሽን ክፍሉ በር ላይ ሆነው ሰሙ።

«ትናንት ምነው ዝም አልሽ?» አለ ፊልጶስ።

«አፍሬ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም አፍሬያለሁ።»

ወይዘሮ እቴነሽ ለአያ ዳኛው «ማሽንዎን ይያዙ» አሉ፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልጨመሩም። ወደ የትነበርሽ ዞረው፦ «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ፋይል ሌላ ሰው ሳያየው አይወጣም» አሉ። የሚያየው ደግሞ እሷው ያስተማረችው ህሩይ ነው።

ፊልጶስ ቦርሳውን አንሥቶ ሊወጣ ሲል ቆመ።

«እናቴ ካርዱን ትናንት ስትጠብቅ ነው የዋለችው» አለ። «ለምን እንደ ዘገየ እኔ አልነግራትም።»

ካርዱ ሐሙስ እንደገና ይታተማል። ቅዳሜ የትነበርሽ ጥቅሉን ይዛ በጠዋቱ መኪና ወደ አምባ ጊዮርጊስ ትሄዳለች፤ ለመሪጌታ ባለቤት ለወይዘሮ እናኑ የምታስረክበውም፣ ለምን እንደ ዘገየ የምትነግራቸውም እሷ ናት።