ክንፏን የቀማኋት በራሪ

የመጀመሪያዋ ሰዓሊ እኔን ስትፈጥረኝ የሰጠችኝ ልዩ ኃይል ጆሮ ነው። ጉልበት አይደለም፣ ክንፍ አይደለም፣ ጆሮ። በግድግዳ አልፌ እሰማለሁ። ሐሜተኛ ናት ለማለት ያን ያህል እርሳስ መጨረስ አያስፈልጋትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2015 አካባቢ ሳውዲ አረቢያ፣ ኾባር ከተማ፣ አል ራዋቢ ሰፈር፣ ግድግዳ ተጋርተው በተሰለፉ አራት ቪላዎች ውስጥ አራት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ነበርን። የምንገናኘው ልብስ ስናሰጣ ጣሪያ ላይ ነው። በየቤቱ መካከል ያለው አጥር ከደረታችን አይበልጥም፤ ስለዚህ ማዳሞቻችን ሳይነሱ በአጥሩ ላይ ሰላም እንባባላለን፣ ትንሽ እናማለን፣ ወደ ሥራችን እንወርዳለን። አንደኛው ቤት ያለችው የአዲስ አበባ ልጅ ሥዕል ትችል ነበር። የሥዕል ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር ትላለች፤ ስንት ቀን እንደቆየች ግን ነግራን አታውቅም።

የቤቷ ልጆች አንብበው መሬት ላይ የሚጥሉትን ኮሚክ፣ የሥዕል ታሪክ፣ ስታነሳ ስታነሳ አንድ ቀን ሐሳብ መጣላት። ውስጡ ያሉት ጠባብ ልብስ የለበሱ፣ ቡድን ሠርተው ዓለምን የሚያድኑ ጀግኖች ናቸው።

«እነዚህ ዓለምን ሲያድኑ ልብሳቸውን ማን ያጥብላቸዋል?» አለችን። ልጆቹ ግማሹን ጽፈው በተዉት ደብተር ላይ እኛኑ መሣል ጀመረች። ስሙንም «የጣሪያው ቡድን» አለችው።

ሁለተኛው ቤት ያለችው የጎጃም ሴት፣ ወጥ ቤቷ፣ መኪና በአንድ እጇ ታነሳለች። አራተኛው ቤት ያለችው ትበራለች። ሰዓሊዋ ራሷ እንደምትገምቱት የቡድኑ አለቃ ናት፤ ማዳም ስትጠራት ደግሞ ትሰወራለች። ይሄኛው እንኳ ፈጠራ አልነበረም። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፣ ጆሮዋ።

ደብተሩ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው በልብስ መቆንጠጫ ባልዲ ውስጥ ነው። በአጥሩ ላይ ባልዲ ብታቀብሉ ማንም አይጠይቃችሁም። እያንዳንዳችን ሁለት ቀን እናነበውና ከኋላ ገጹ ላይ አስተያየታችንን እንጽፋለን። ከዚያ የወጥ ቤቷ ቤት ሹፌር፣ የወሎ ሰው ነው፣ ደማም ከተማ ላለችው ሚስቱ ይወስድላታል፤ እሷም ለጓደኞቿ። እንግዲህ የደማም አንባቢዎችም ነበሩን፤ አስተያየታቸው ሁልጊዜ በቀይ እስክርቢቶ ነው።

በሰዓሊዋ ዘመን ታሪኩ ሁሉ ዘንዶ ነበር። ከባሕረ ሰላጤው ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ ይወጣል፣ የባሕሩን ዳር መንገድ፣ ኮርኒሹን፣ ያፈርሳል፣ ወጥ ቤቷ በድስት ክዳን ትመታዋለች፣ በራሪዋ ወደ ባሕሬን በሚወስደው ረጅም ድልድይ ላይ ታሳድደዋለች፤ ከዚያ ልብሱ ሳይደርቅ ተመልሰው ጣሪያቸው ላይ ይገኛሉ። እኔ ዘንዶው ሲመጣ እሰማለሁ። በቃ። ስምንት ደብተር ሙሉ «መጣ!» ስል ኖርኩ።

ስለ በራሪዋ ልንገራችሁ። ዝምተኛ ሴት ነበረች። ኮንትራቷ ሁለት ዓመት ሆኖ ሳለ አራት ዓመት ሞልቷት ነበር። እናቷ አገር ቤት ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ሐኪም አንዱን ተስፋ ቆርጦበታል። «ዓይኔ ሳይጨልም መልክሽን ልየው» ይሏታል በስልክ። የመውጫ ቪዛውን፣ ኹሩጁን፣ የሚያስመታላት አሠሪዋ፣ ካፊሏ ነው፤ እሱ ደግሞ «ባዕዲን» ይላታል፣ ቆይ በኋላ። ከረመዳን በኋላ፣ ከሐጅ በኋላ፣ ከልጄ ሠርግ በኋላ። በዚያ ቤት «በኋላ» የሚባለው ነገር አያልቅም ነበር።

አንድ ቀን የሰዓሊዋ ኹሩጅ ተመታ። ስትሰናበተን ባልዲውን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ጽሕፈትሽ ያምራል፤ አንቺ ቀጥዪው።»

«ኧረ መሣል አልችልም!»

«ይለመዳል» አለችኝ። እዚህ ስንመጣ ደላላውም ያለን ይህንኑ ነው።

ሥልጣን ያዝኩ። ስምንት ደብተር ሙሉ ያጠራቀምኩት ቂም ነበረኝ፤ ደግሞም በዚያ ዘንዶ ተሰላችቻለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ገደልኩት፤ ኤሲ ሥር ተኝቶ ብርድ መታው። ከአሁን ወዲያ ቡድኑ የሚታገለው ከእውነተኛ ችግር ጋር ነው ብዬ አወጅኩ። በካፊል መሳቢያ ውስጥ ስለተቆለፈ ፓስፖርት አራት ገጽ ሣልኩ። ማዳም ስለወሰደችው ስልክ ሦስት ገጽ። የሣልኳቸው ሰዎች ሁሉ ትራስ ይመስሉ ነበር፤ ግን እውነት የሚናገሩ ትራሶች ናቸው። እውነት እውነት ካልን ደግሞ ያለ ኹሩጅ ማን ይበራል? ኤርፖርት ላይ የሚጠየቀው ወረቀት ነው፣ ክንፍ አይደለም። የበራሪዋን ክንፍ በላጲስ አጠፋሁት።

አንባቢው በእልልታ የሚቀበለኝ መስሎኝ ነበር። ወጥ ቤቷ ደብተሩን በሁለት ጣቷ ይዛ አጥሩ ጋ መጣች።

«ይሄ እኮ ቤቴ ሞልቷል። ቀን የምኖረውን አረፍ ስል ደግሞ ላንብበው?» አለችኝ። «ዘንዶዬን መልሽልኝ።»

የደማሞቹ በቀይ እስክርቢቶ «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ብለው ጻፉ። ሹፌሩ እንኳ አንድ ቀን ቆሻሻ ላወጣ ስወርድ በር ላይ አገኘኝና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወላሂ እህቴ፣ ሙሽኪላ፣ ችግር ሆኗል። ሚስቴ ዘንዶው በእርግጥ ሞቷል ወይ ጠይቅልኝ ብላኛለች» አለኝ። ሬሳውን እንዳየሁ አረጋገጥኩለት።

እኔ ግን ኮራሁ። ትልቅ ደራሲ ለዘመኑ ሰዎች አይገባቸውም ሲባል ሰምቻለሁ።

በራሪዋ ምንም አልጻፈችም። ደብተሩን በወሰደችው ቀን መለሰችው፤ ሳምንት ሙሉም ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ አሰጣች። በስምንተኛው ቀን ጠራኋት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።» በእጇ ያለውን አንሶላ ጨመቀችው። «እማዬ በስልክ አልቅሳ ከዘጋች በኋላ ያንን ደብተር ነበር የማየው። ሌላ ቦታማ የት እሄዳለሁ? እዚያ እንኳን እበር ነበር።»

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም፤ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰው የሚመለከተው አንድ መስኮት ቢኖር እሱን ግንብ ማድረግ፣ የእኔ እውነት ይህ ነበር።

ክንፉን ወዲያው መልሼ ብሥልላት ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያበቃ ነበር። ግን ግትር ነኝ፣ ላጲሱም አልቆ ነበር። በክንፉ ፋንታ ሌላ ኃይል ልስጣት ብዬ አሰብኩ፤ ለዚህም ያ የተናቀ ጆሮዬ ጠቀመኝ። የእኛ ቤት ማዕድ ቤት ከእነ በራሪዋ ቤት እንግዳ መቀበያ ጋር ግድግዳ ይጋራል። በራሪዋ ኹሩጅ ስትጠይቅ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ካፊሉ ብቻውን ሲሆን ጠብቃ፣ ሻይ እየቀዳች፣ አንዴ ብቻ ትጠይቃለች። «ባዕዲን» ይላል። «ጠይብ» ትልና ትወጣለች። እሺ ማለት ነው። እሷ እሺ ብላ ከወጣች እሱ ምን አስጨነቀው?

ስለዚህ አዲስ ደብተር ሣልኩ። ክንፍ አልባዋ ጀግና ሻንጣዋን ይዛ እንግዳ በሞላበት መቀበያ ክፍል፣ በመጅሊሱ በር ላይ ትቆማለች። ኃይሏ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ባባ፣ አና አርበዓ ሰና፣ ኸላስ። ማማ አና መሪድ። አና ኢብጋ ኹሩጅ።» አራት ዓመቴ ነው፣ በቃ፤ እናቴ ታማለች፤ ኹሩጅ እፈልጋለሁ። ካፊሉ ምንም ቢላት እነዚህኑ ትደግማለች እንጂ ከበሩ አትነቃነቅም። በአራተኛው ንግግሩ ይረታና «ጠይብ፣ ሩሒ» ይላታል፣ እሺ ሂጂ። የእሷንም የእሱንም ንግግር በየንግግር ክቡ ውስጥ በቆንጆ ጽሕፈቴ ሞላሁት።

ወጥ ቤቷ አንብባ ሳቀች። «ይሄ ልዩ ኃይል ነው? ይሄማ አማቴም አላት።» ከዚያ ትኩር ብላ አየችኝ። «አንቺስ? ስድስተኛ ዓመትሽ አይደል? መቼ ነው የምትጠይቂው?»

«የእኛ ቤት ልጆች ያለ እኔ አይበሉም» አልኳት።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብላኝ ወረደች። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ፤ ጆሮዋ እኔ ሆኜ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አርብ ነው፣ ከቀትር ጸሎት በኋላ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ከግድግዳው ማዶ የእንግዶች ሳቅ ይሰማኛል። በድንገት ሳቁ ተቋረጠ፣ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«ባባ፣ አና አርበዓ ሰና፣ ኸላስ።»

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ወይኔ፣ ይቺ ሴት ኮሚክ አምና ልትባረር ነው አልኩ በልቤ፤ እኔ ነኝ የማስገድላት። ገጹን እንደ ዳዊት በቃሏ ይዛዋለች። ካፊሉ «ባዕዲን» አላት። ደገመችው። «ባዕድ ረመዳን» አላት፣ ከረመዳን በኋላ። ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ተቆጣ፤ እሷ ግን ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ ሦስቱንም ደገመችለት።

አራተኛው መጣ። በእኔ ደብተር ላይ የሚረታበት ነው። እሱ ግን ደብተሬን አላነበበም፤ «ያላ! ሩሒ መጥበኽ!» ብሎ ጮኸባት፣ ወደ ማዕድ ቤት ሂጂ። እግዜር ይወቀው፣ እንደዚያ ለአንድ ሰው የጸለይኩበት ቀን የለም። ከአራተኛው በኋላ የጻፍኩላት ነገር አልነበረም። የካፊሉን መልስ ቁጥር በአራት የወሰንኩት ገጹ ስላለቀብኝ ነው፤ እሷ ግን ሕጉ እንደዚያ መስሏታል። እንግዲህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብላ አሰበች መሰለኝ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ከአንደኛው ጀመረች።

«ባባ፣ አና አርበዓ ሰና፣ ኸላስ።»

ያኔ አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ ከእንግዶቹ አንዱ፣ ምን ፈልጋ ነው ብሎ ጠየቀ። ካፊሉ አጉረመረመ። ሽማግሌው «እናቷ ታመዋል እኮ ነው የምትለው። ሐራም ነው፣ ሸይኽ» አለ። በመጨረሻ ካፊሉ፣ ስንት ዓመት «በኋላ» ሲል የኖረ ሰው፣ በእንግዳ ፊት አፍሮ፣ «ኸላስ፣ ኸላስ» አለ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማዳም ገብታ ምን ሆንሽ ስትለኝ በሰል አልኳት፣ ሽንኩርቱ ነው።

ወር ሳይሞላ በራሪዋ ሄደች። ከሄደች በኋላ ሹፌሩ ስልኩን በር ላይ አምጥቶ የላከችልንን ድምፅ አሰማኝ። እየሳቀች ነበር። «የእማዬ አንዱ ዓይን ገና ያያል! ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ የከሳሽው አንቺ ነሽ ወይስ ዓይኔ ነው አለችኝ።»

ባልዲው አጥሩ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ደብተሩም ውስጡ። በመጨረሻው ገጽ ላይ በራሷ እጅ ሥላበታለች። ከእኔ የባሰ ሰዓሊ መኖሩን ያን ቀን አወቅሁ። ከላይ አውሮፕላን አለ፤ እሷ ግን ውስጡ አይደለችም፣ ከመስኮቱ ጎን በሁለት ትልልቅ ክንፎች ትበራለች።

ከታች ደግሞ አንዲት ሴት ሻንጣ ይዛ መጅሊስ በር ላይ ቆማለች። ጆሮዋ ከጭንቅላቷ ይበልጣል፤ ስለዚህ ማን ናት ብዬ አልጠየቅኩም። ከአፏ አጠገብ ያለው የንግግር ክብ ባዶ ነው። ከጎኑ «የአንቺ ጽሕፈት ስለሚያምር አንቺው ሙዪው» ብላ ጽፋለች።

የጎረቤት ካፊል የረታሁት እኔ ነኝ እያልኩ ወር ሙሉ ስኩራራ ነበር። ሦስቱን ዓረፍተ ነገርም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። በራሴ ቤት ግን በስድስት ዓመት አንዷን እንኳ ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። እርሳሱን አነሳሁና ክቡ ውስጥ «ባባ» ብዬ ጻፍኩ። ማዳም ከታች ስትጠራኝ ደብተሩን ባልዲው ውስጥ ከትቼ ወረድኩ። የቀረውን በራሴ ካፊል ፊት ቆሜ ለመሙላት አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀብኝ።