ለአራተኛ ፎቅ ሱቅ የሠራሁት ድረ ገጽ

ድረ ገጽ ያላቸው ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ የሚጠብቁት አስማት ነው። የትኛውን ቃል ስንቴ ልጻፍ? ሰው ሲፈልግ እንዴት አድርጌ ከላይ ልውጣ? እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃቸው መደርደሪያቸው ላይ ምን እንዳለ ነው። ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ከፍለው የመጡት ለዚህ አይደለማ። ያጥቁሩ። እኔ ይህን የተማርኩት አባቴን አሳፍሬ ነው።

አባቴ የልብስ ስፌት መኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። መርካቶ ውስጥ ከጭድ ተራ ብዙም በማይርቅ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ መርፌ፣ ቺንጋ፣ ቦቢን፣ ሞተር ሲሸጥ ኖሯል። ማስታወቂያ የሚባል ነገር አያውቅም፤ በበሩ የሚያልፈው ሰው ይበቃው ነበር። ከዚያ የቆርቆሮ ሱቆቹ ፈረሱ። ነጋዴዎቹ አክሲዮን ገብተው ፎቅ ሠሩ፤ ሱቆቹም በዕጣ ተከፋፈሉ። ለአባቴ አራተኛ ፎቅ ወጣለት።

ሊፍቱ ተገጥሟል፣ ግን አይሠራም። ምድር ወለል ላይ ሁሉን የሚያገኝ ገዢ ምን ቆርጦት ደረጃ ይወጣል? አባቴ ወራት ሙሉ ጋዜጣ ሲያነብ ዋለ። አንድ ቀን እራት ላይ፣ «ገበያው እስከ አረፋ ካልተንቀሳቀሰ ሱቁን ለቅቄ ቤቴ እቀመጣለሁ» አለን። እኔ ደነገጥኩ። መርካቶ የኖረ ሰው ቤት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን በአጎቴ አይቻለሁ፤ በአንድ ክረምት ነው ያረጀው።

ያኔ ኮምፒዩተር ተምሬ ድረ ገጽ የሚሠራ ቢሮ ተቀጥሬ ነበር።

«አባባ፣ ዌብሳይት ልሥራልህ። ሰው ደረጃ ሳይወጣ ያገኝሃል» አልኩት።

«ካገኘኝ በኋላስ? መውጣቱ ይቀርለታል?» ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም እሺ አለ።

አንድ ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። «ጻፊ» አለና፣ መደርደሪያውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ይዘረዝርልኝ ጀመር። ግማሹን ዕቃ በዓይኔ አጣሁት።

«የኦቨርሎክ ቢላው የታለ?»

«ታች አለ።»

«ታች የማን ነው?»

«የጎረቤት ነዋ! የጎረቤት የኔ አይደለም እንዴ?»

ይህ ውሸት አይደለም፤ ቢያንስ እዚያ ሰፈር እንደ ውሸት አይቆጠርም። መርካቶ ውስጥ ለገዢ «የለም» አይባልም። «አለ፣ ቁጭ በል» ይባልና ዕቃው ከጎረቤት ይመጣል። ጎረቤትም በተራው ካንተ ይወስዳል። ገዢው የፈለገውን ይዞ ይሄዳል፤ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። እኔም በዚሁ ያደግኩ ነኝና አባቴ ያለኝን ሁሉ ጻፍኩ። እንዲያውም ባስኩ። ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ገጽ ከፈትኩለት። የዕቃውን ስም በርዕሱ፣ በጽሑፉ፣ በፎቶው ስም ላይ እስኪሰለቸኝ ደጋገምኩት። ያን ጊዜ የኢንተርኔት መፈለጊያው የዋህ ነበር፤ ስሙን አሥር ጊዜ የጠራለትን ያምናል።

ብዙም ሳይቆይ የስፌት መኪና መለዋወጫ የፈለገ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያገኘው አባቴን ሆነ። ስልኩ ይጮህ ጀመር። አባቴ በቀን ስምንቴ ወርዶ ስምንቴ እየወጣ፣ ጉልበቱን እያሸ ይስቃል። እኔም ቢሮ ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ።

አንድ ቀን እኔም ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ሴት ገባች። ከደሴ ነው የመጣችው፤ እዚያ አነስተኛ የልብስ ስፌት ቤት አላት። የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመው የኦቨርሎክ መኪናዋ ቢላ ተሰብሮባት ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ እኛን አገኘች፣ ደወለች፣ «አለ» ተባለች። ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዛ አድራ ነው እኛ ጋ የደረሰችው።

«እህቴ፣ ቁጭ በይ» ብሏት አባቴ ወረደ።

አንድ ሰዓት አለፈ። እሷ ሰዓቷን ታያለች፤ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። አባቴ ሲመለስ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። የተራውን ሱቅ ሁሉ ጠይቆ፣ መንገድ ተሻግሮም ጠይቋል። የጎረቤቱ ቢላ ለሌላ ዓይነት መኪና ነው፤ የእሷን መኪና ቢላ ያስመጣ ሰው አልነበረም።

«የለም» አላት። ይህን ቃል ለገዢ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

ሴትየዋ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ እንደሌለ ቢነግሩኝ ኖሮ ከቤቴ አልወጣም ነበር» አለች። «ሠራተኞቼ ሥራ ፈተው እየጠበቁኝ ነው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አባቴ። የጻፈችው ይህቺ ናት አላለም፤ ወደ እኔ ዞር ብሎም አላየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ደረጃውን ወርዳ የጫማዋ ድምፅ ሲጠፋ፣ «አውርጂው» አለኝ።

«ሁሉንም?»

«የሌለኝን ሁሉ። እዚህ ያለ ገዢ ከኔ ቢያጣ ጎረቤት ይሻገራል። የደሴዋ ሴት ጎረቤቷ የት ነው?»

መደርደሪያውን አንድ በአንድ ቆጠርን። ከገጾቹ ሲሶው እንኳ አልተረፈም። ለቀሩት ዕቃውን ራሱን ፎቶ አንስቼ፣ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን ጻፍኩ። አናቱ ላይ ስልኩንና «አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት አይሠራም» የሚለውን አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ፍለጋው ላይ ቁልቁል ወረድን። ስልኩም ዝም አለ። አረፋ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። እውነቱን ለመናገር በአባቴ ተናድጄ ነበር፤ ሰውዬው ሐቀኛ ለመሆን የመረጠው ጊዜ አይገርምም?

አንድ ጠዋት ከሆሳዕና ተደወለ፤ ሞተር የሚፈልግ ልብስ ሰፊ ነው። አባቴ ስልኩን አስቀምጦ ተነሳ፣ መደርደሪያውን አየ፣ ዕቃውን በእጁ ነካና ተመለሰ። «አንድ አለ። እስከ ነገ አስቀምጥልሃለሁ» አለው። ሞተሩን አውርዶ ወንበሩ ሥር አኖረው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ደረጃውን ወጥቶ መጣ። በዚያ ሳምንት የወጣልን እሱ ብቻ ነው። የፈለገው ያንኑ ሞተር ሲሆን፣ ብሩንም በእጁ ይዟል።

«የለም» አለው አባቴ።

የሌለውን አለ ሲል ሰምቼው ያደግኩት ሰው፣ ያለውን የለም አለ። ሰውየው ወረደ።

«አባባ፣ የነገው ባይመጣስ?»

«ካልመጣ አልመጣም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ የሆሳዕናው ሰው እያለከለከ ገባ። ከሰላምታው በፊት፣ «አልሸጡብኝም?» አለ። «ሌላ ቦታ ሦስቴ አለ ተብዬ ሄጄ አጥቻለሁ።»

አባቴ ሞተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እኔም እንደዚያው አድርጌያለሁ» አለ። «አንዲት ሴት ከደሴ ድረስ አስመጥቼ ባዶ እጇን ሸኝቻታለሁ።»

አንገቴን ደፋሁ። እንግዳው አባቴን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ለካ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ዕቃ ገዢ ኖሯል፤ ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል።

«እንግዲያው ያለዎትን ብቻ ይንገሩኝ» አለ።

አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ መነጽሩን አድርጎ ወደ መደርደሪያው ሄደ። አንዱን አንብቦ፣ ቦታውን በእጁ ዳስሶ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። «አለ… የለም… አለ… አለ… የለም…» እያለ እስከ መጨረሻው መስመር ወረደ።