ጭማሪ የጠየቅን ሰሞን

ሐዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። የምሠራው መሃል ከተማ፣ ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ ግቢ ውስጥ በተከፈተ የመንግሥት ልብስ ስፌት ቤት ነው። የምንሰፋው የወታደር ልብስ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ባለው መኪና ላይ የምትሰፋው ጓደኛዬ የሲዳማ ልጅ ናት። ባሏ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ቆይቷል።

ደመወዛችን ከተቀጠርን ጀምሮ ፈቀቅ አላለም። በዚያ ላይ ለእናት አገር ጥሪ ይቆረጥበታል። ለምን እንደማይጨመር የሚነግረን ስለሌለ እርስ በርስ መጠራጠር ጀመርን። “እገሊት ከስፌት ቤቱ ካድሬ ጋር ስለምትግባባ ተጨምሮላታል” እየተባለ ሰው ከሰው ተኳረፈ። እኔና ጓደኛዬም አንድ ሰሞን ሰላምታ አቁመን ነበር።

ከታረቅን በኋላ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት “ነይ፣ ሥራ አስኪያጁን ራሳቸውን እንጠይቅ” አለችኝ። እሳቸው ከጎንደር ተዛውረው የመጡ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ቢሯቸው ስንገባ ጓደኛዬ ቆማ፣

“ጋሼ፣ ሥራዬ ላይ ያዩብኝ ጥፋት አለ?” አለቻቸው።

“የለም።”

“ታዲያ ለምንድነው የማይጨመርልኝ?”

ተነስተው በሩን ዘጉና እንድንቀመጥ ነገሩን።

“አልዋሽሽም ልጄ። ጭማሪ ከላይ ታግዷል። ለአንቺ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም ነው፣ ለእኔም። መቼ እንደሚነሳ አላውቅም። ዛሬ ተስፋ ሰጥቼ ብሸኝሽ ነገ ተመልሰሽ ስትመጪ ምን እልሻለሁ? ሥራሽ ግን ጥሩ ነው። እሱን እወቂው።”

ጓደኛዬ እዚያው አለቀሰች። እሳቸውም እስክትጨርስ ጠበቋት። ስንወጣ “እኔ እኮ የሆነ ነገር ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር” አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ሌሎቹንም አንድ በአንድ እየጠሩ ያንኑ ነገሯቸው። ደስ ያለው ሰው አልነበረም፤ ኩርፊያው ግን ቀረ።

ወሬው ካድሬው ዘንድ ደረሰ። በቀጣዩ የውይይት ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ፣ “አብዮቱ ሠራተኛውን ረስቷል እያለ የሚያስወራ ፀረ ሕዝብ መካከላችን አለ!” አለ። ጣቱን ወደ ጓደኛዬ ቀሰረ።

“አንቺ! ጭማሪ ታግዷል ብሎ የነገረሽ ማነው?”

እጇን ያዝኳት። አፏን ሳትከፍት ሥራ አስኪያጁ ከፊት ወንበር ተነሱ።

“እኔ ነኝ የነገርኳት። ስለ ደመወዟ ጠየቀችኝ፣ እውነቱን መለስኩላት።”

በማግስቱ ጠዋት ላንድሮቨር መጥቶ ወሰዳቸው። በመስኮት አየናቸው። የስፌት መኪናውን ያቆመ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም አቀርቅረን መስፋት ቀጠልን። ባለቤታቸው ከታቦር ሰፈር ወደ እስር ቤቱ እየተመላለሱ ስንቅ ሲያቀብሉ ሰነበቱ። አንድ ቀን በሩ ላይ “ከእንግዲህ አያምጡ” ተባሉ። ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያኔ የማያውቅ አልነበረም። ቤታቸው ሄደን ለማልቀስ እንኳ ፈራን።

የተተኩት ሥራ አስኪያጅ ወጣት ነበሩ። ስለ ደመወዝ የሚጠይቅ ካለ “በስብሰባ ላይ አቅርቡ” ይላሉ። ማን ያቀርባል? ኩርፊያውም ሐሜቱም ተመለሰ።

ክረምት ሲገባ ጓደኛዬ ሥራውን ትታ ወላጆቿ ዘንድ ልትገባ ተነሳች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል፣

“ባልጠይቃቸው ኖሮ ይኖሩ ነበር?” አለችኝ።

“ተይ፣ እንዲህ አትበይ” ብቻ አልኳት። እሷ ግን መልሴን ሳትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

እኔ ሥራውን አልተውኩም፤ ሌላ መሄጃ አልነበረኝም። በእሷ መኪና ላይ አዲስ ልጅ አስቀመጡ። ጭማሪ መኖሩን ስትጠይቀኝ ዙሪያዬን ቃኝቼ፣ “ዝም ብለሽ ስፊ” አልኳት።